ኪሎዬ ቆመ፣ ጠባዬ ከፋ

ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የታይሮይድ እጢሽ ሆርሞን ያንሰዋል ተብዬ ከሦስት ዓመት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ክኒን እውጣለሁ። በክኒኑ ደህና ነበርኩ። ከወለድኩ በኋላ የጨመርኩት ኪሎ ግን አልሄድ አለኝ።

ከአምስት ወር በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ እንደ እህቴ የማያት ሰው፣ «ሜታቦሊዝምሽ ተኝቷል፤ እሱን መቀስቀስ ነው» አለችኝ። የተፈጨ ተልባ ሦስት ማንኪያ፣ ቺያ ሁለት ማንኪያ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አንድ ማንኪያ በውሃ በጥብጬ ጠዋት በባዶ ሆዴ መጠጣት ጀመርኩ። የታይሮይድ ክኒኔንም በዚያው ነው የምውጠው። ቁርስ ተውኩ፤ እራትም ተውኩ። ምሳ ሰላጣ እበላለሁ። ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ እሷው የምትሸጠውን የዘር እንክብል ጨመርኩበት። ብልቃጡ ላይ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ይላል።

መጀመሪያ ሰባት ኪሎ ቀነስኩ። ያየኝ ሁሉ አማረብሽ አለኝ። አሁን ግን ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም። ይበርደኛል። ፀጉሬ በማበጠሪያው ይወጣል። ይህን ሁሉ ዘር እየጠጣሁ የሆድ ድርቀት ይዞኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ልቤ ድው ድው ይላል፣ አፌ ይደርቃል። ከሁሉ የባሰው ጠባዬ ነው። በትንሽ በትልቁ ቱግ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት የስድስት ዓመት ልጄ ወተት አፈሰሰች ብዬ ጮህኩባት፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ «የድሮዋን ወፍራሟን ሚስቴን መልሱልኝ» ብሎ ቀለደ። እኔ አልሳቅኩም።

ጓደኛዬ «ሰውነትሽ መርዝ እያስወጣ ነው፤ እጥፍ አድርጊው» ትለኛለች። ልጨምር ወይስ ልተው? ብተወው መልሼ እንዳልወፍር እፈራለሁ። እሷንም ማስቀየም አልፈልግም። ሥራ ስጀምር ከጎኔ የነበረችው እሷ ናት።

ግራ የገባኝ

*

እህቴ፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። አንቺ ልበልሽና በቀጥታ ልግባ፤ ከጠየቅሽኝ ውስጥ አንዱ ለነገ የሚባል አይደለም። እንክብሉን ዛሬውኑ አቁሚው። ብልቃጡን ግን እንዳትጥይው፤ ሐኪም ጋ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ስለ ተልባውና ስለ ቺያው ረጋ ብለን እናወራለን።

እንዲህ የምልሽ የዘረዘርሻቸው ምልክቶች አብረው የሚሄዱ ስላልመሰሉኝ ነው። ብርዱ፣ የፀጉሩ መነቀል፣ የሆድ ድርቀቱ፣ የቆመው ሚዛን፣ እነዚህ የቀዘቀዘ ሰውነት ነገሮች ናቸው። የልብ ምቱ፣ የአፍ መድረቁ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ በግድ የሚነዳ ሰውነት ነገሮች። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ አንድ እግርን ፍሬን ሌላውን ነዳጅ ላይ አድርጎ መንዳት ማለት ነው። እንዲህ እየተነዳ ጠባዩ የማይከፋ ሰው ካለ አሳዪኝ!

እስቲ አንድ ነገር አስታውሺ። ልብሽ እንዲህ መምታት የጀመረው መቼ ነው? እንክብሉን ከመጀመርሽ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ሲቡትራሚን የሚባል የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ የመያዝ አደጋን ይጨምራል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካም ከአውሮፓም ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግን «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ እንክብሎች ውስጥ፣ ብልቃጡ ላይ ሳይጻፍ፣ ተደጋግሞ ተገኝቷል። የሚያመጣውስ ምንድን ነው? አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። የሆድ ድርቀትም ያመጣል። አንቺ የዋጥሽው እሱ ነው ማለቴ አይደለም። ቤተ ሙከራ ሳይገባ ማንም ሊያውቀው አይችልም፤ የምትሸጥልሽም ልጅ ላታውቀው ትችላለች።

ንጹሕ ዘር ብቻ ቢሆንስ? እሱም ቢሆን እንደ ዘሩ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ስለ አንድ የማቅጠኛ ዘር ሕዝቡን አስጠንቅቋል። የሌላ ዛፍ ፍሬ ተብሎ የሚሸጠው ሲመረመር ቢጫ ኦሊያንደር የሚባል የመርዛማ ተክል ዘር ሆኖ ተገኘ። ይህ ዘር ልብን ቀጥ ሊያደርግ የሚችል ነው። ሙሉ በሙሉ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሙሉ በሙሉም መርዝ ነው። ስለዚህ ልብሽ ዘለል ዘለል ካለ፣ ራስሽን ካዞረሽና ልትወድቂ ከደረስሽ፣ ደረትሽን ካመመሽ ወይም ማስመለስ ከጀመረሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ደብዳቤሽን ሳነብ የቆምኩት አንቺ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ያለፍሻት ቦታ ላይ ነው፦ «የታይሮይድ ክኒኔንም በዚያው ነው የምውጠው»። እህቴ፣ ከተልባና ከቺያ ጋር?

ተልባ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ይዝለገለጋል። ቺያውም የራሱን ክብደት ብዙ እጥፍ ውሃ መጥጦ ያብጣል። ለአንጀት ጥሩ ነው የሚባለው ፋይበር ይኸው የሚዝለገለገው ነገር ነው፤ የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል በመጠኑ ያወርዳል። ችግሩ፣ መድኃኒትንም እንደዚያው ሊይዝ ይችላል። የታይሮይድ ክኒን፣ ማለትም ሌቮታይሮክሲን፣ በዚህ በኩል በጣም ስስ ነው። በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ፣ ከምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይዋጣል። ቡና እንኳ ይሻማዋል። የብረትና የካልሲየም ክኒን ደግሞ በአራት ሰዓት ልዩነት ነው የሚወሰደው። አንቺ አምስት ማንኪያ ፋይበር ውስጥ ስትጥይው፣ መጠኑ ያው ሆኖ ወደ ደምሽ የሚደርሰው ግን ሊያንስ ይችላል። ክኒኑን አላቋረጥሽም፤ ግን ሳታውቂው ቀንሰሽው ሊሆን ይችላል።

ታይሮይድ ሲያንስ ደግሞ ያልሽውን ሁሉ ያመጣል። ይበርዳል፣ ፀጉር ይነቀላል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ክብደት አልወርድ ይላል፣ ስሜት ይጨልማል። ሰውዬው ራሱን ይወቅሳል እንጂ የሆርሞን ጉዳይ ነው ብሎ አያስብም። ጓደኛሽ ቀስቅሺው ያለችው ሜታቦሊዝም፣ ማለትም ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት የሚቀይርበት ሥራ፣ ዋና አዛዡ ይኸው እጢ ነው። እሱን ለመቀስቀስ የጠጣሽው ነገር የእሱኑ መድኃኒት እየያዘብሽ ከሆነ፣ ይሄ ነገር ያናድዳል። እኔን ያናድደኛል!

ስለዚህ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ክኒኑ ለብቻው፣ በውሃ ብቻ ይዋጥ። መጠኑን ግን በራስሽ ከፍም ዝቅም እንዳታደርጊው። በዚህ ሳምንት ሐኪምሽ ጋ ሂጂና ሁሉንም ንገሪው፤ ተልባውን፣ ቺያውን፣ ዘይቱን፣ እንክብሉን፣ የተውሽውን ምግብም ጭምር። ሐኪሞች ስለ መድኃኒት እንጂ ስለ ዘር ብዙ አይጠይቁም፤ ካልነገርሽው አያውቅም። ያኔውኑ ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ ምርመራ ይታይልሽ፤ የክኒኑ አወሳሰድ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ይደገም። እዚያው ሳለሽ የደም ግፊትሽና የልብ ምትሽ ይለካ፤ የደም ማነስ፣ የብረት ክምችትና ቫይታሚን ቢ12ም ይታዩ። ደም ማነስም ልብን ያስመታል፤ ፀጉርንም ይነቅላል። ምናልባት የእኔ ግምት ስቶ እሱ ይሆናል።

አሁን ስለ ምግብሽ ላውራሽ። «ቁርስ ተውኩ» ትያለሽ። አልተውሽም። ያ ብጥብጥ ሲሰላ ተልባው 110፣ ቺያው 120፣ ዘይቱ ሌላ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ወደ 350 ካሎሪ ማለት ነው፤ ደህና ቁርስ ይወጣዋል። ዘር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ተልባን በተመለከተ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ለሳምንታት የወሰዱት ሰዎች በአማካይ ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ቀንሰዋል። አንድ ኪሎ ጥሩ ነው፤ ግን ሰባት ኪሎውን የቀነሰልሽ ዘሩ ሳይሆን ረሃቡ ነው። እሱን ነው ማየት ያለብን።

ሰውነት ከሚያቃጥለው ጉልበት ከ60 እስከ 70 በመቶው ገደማ የሚሄደው ዝም ብለን በተቀመጥንበት ነው። ለልብ፣ ለጉበት፣ ለኩላሊት፣ ለአንጎል። አንጎል ብቻውን ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ይወስዳል። ምግብ ሲቀንስ ሰውነት እነዚህን ወጪዎች ማጠፍ ይጀምራል። ሙቀት ይቀንሳል። ፀጉር ማብቀል ለጊዜው የማያስፈልግ ነገር ይሆንበታል። ስሜትም ከዚያው ጋር ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ይህንን በቅርብ አይቶታል። በአካልም በአእምሮም ጤነኛ መሆናቸው የተረጋገጠ 36 ወጣት ፈቃደኛ ወንዶችን መረጠ። ለስድስት ወር ገደማ ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀነሰባቸው፤ በቀን ወደ 1,570 ካሎሪ ማለት ነው። ልብ በይ፣ ይህ ዛሬ «መካከለኛ ዳይት» ከሚባለው ብዙም አይለይም። የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ይበርዳቸው ጀመር፤ ፀጉራቸው ሳሳ፤ ሰውነታቸው በዕረፍት ላይ የሚያቃጥለው ጉልበት በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ በፊት ተግባቢና ሳቂታ የነበሩት ሰዎች ተነጫናጮች ሆኑ፤ አኮረፉ፣ ድብርት ያዛቸው። የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ያነቡ የነበሩም ነበሩ። ማንም ጠባያቸው ድሮም መጥፎ ነበር አላለም።

ልጅሽ ላይ የጮህሽውን ሳነብ እነሱን ነው ያስታወስኩት። ሰዓቱ ስንት ነበር? ከምሳ ሰላጣው ስንት ሰዓት አልፎ ነበር? ለሌላ ሰው አትንገሪ፤ ለራስሽ ብቻ መልሺው። ማታ ቱግ የምትይበትና ሆድሽ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት አንድ ሆኖ ብታገኚው አይገርመኝም።

ስለ ዘርና ስለ ስሜት የሚወራው ብዙ ነው። የዱባ ፍሬ ትሪፕቶፋን ስላለው ደስታ ይሰጣል ይላሉ። ትሪፕቶፋን እውነት አለው፤ ሰውነትም ከስሜት ጋር የተያያዘውን ሴሮቶኒን የሚሠራው ከእሱ ነው። ግን ወደ አንጎል ለመግባት ከሌሎች አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ነገሮች) ጋር ስለሚጋፋ፣ አንድ እፍኝ ፍሬ ስለበላሽ ስሜትሽ አይቀየርም። ተልባም ኦሜጋ 3 አለው ይባላል። አለው፤ ሆኖም የተልባው ዓይነት በሰውነት ውስጥ አንጎል ወደሚፈልገው ዓይነት የሚቀየረው ጥቂቱ ብቻ ነው። ለድብርት በአብዛኛው የተጠናው የዓሣ ዘይቱ ነው። የመርዝ ማስወጣቱን ወሬ ደግሞ ተይው። መርዝ የሚያስወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ ሲያስወጡም ሰው ልጁ ላይ አይጮህም።

ስሜት ላይ የተሻለ ማስረጃ ያለው ሙሉ አመጋገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ በፌሊስ ጃካ የሚመራ ቡድን ድብርት ያለባቸውን 67 ሰዎች አጥንቶ ነበር። ግማሾቹ ለ12 ሳምንት በአመጋገብ ባለሙያ ታግዘው አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣ፣ የወይራ ዘይትና ለውዝ የበዛበት ምግብ በሉ። ሌሎቹ ወዳጃዊ ጭውውት ብቻ አገኙ። ከምግቡ ቡድን ሲሶው ያህል ከድብርቱ ወጣ፤ ከሌላው ቡድን ግን 8 በመቶ ብቻ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ተአምር አልለውም። ግን እነዚያ ሰዎች ዳይት ላይ አልነበሩም። እንዲርባቸው ማንም አላዘዛቸውም።

«መልሼ እንዳልወፍር» ያልሽው ፍርሃት ይገባኛል። አማረብሽ የሚለውን ቃል ሰምቶ መልሶ ማጣት ያማል። መብላት ስትጀምሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚዛኑ አንድ ሁለት ኪሎ ሊጨምር ይችላል። አብዛኛው ውሃና ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ነው፤ እንዳትደነግጪ። ብትችይ ለአንድ ወር ሚዛኑን ከዓይንሽ አርቂው። ክኒኑን ከዋጥሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁርስ ብዪ። እራትም ይመለስ። በየማዕዱ እንቁላል ይሁን ባቄላ፣ ምስር ይሁን ሥጋ፣ ፕሮቲን ይኑርበት። ሜታቦሊዝምን በመጠኑ የሚያነሳሳ ምግብ ካለ እሱ ነው፤ ሰውነት ፕሮቲንን ለመፍጨት ብቻ ከራሱ ከፕሮቲኑ ጉልበት ከ20 እስከ 30 በመቶ ያወጣል፣ ለቅባት ግን ከ3 በመቶ አይበልጥም። አንቺ ሰላጣ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁትም እሱን ነው።

ተልባውን ከወደድሽው ሙሉ በሙሉ አልከለክልሽም። አንድ ማንኪያ፣ የተፈጨ፣ ከምሳ ጋር ወይም ከሰዓት በኋላ፣ ከበቂ ውሃ ጋር። ከክኒኑ ብዙ ሰዓት ይራቅ። ቺያም እንደዚያው፣ አስቀድሞ ተዘፍዝፎ፤ ደረቁን ዋጥ አድርጎ ውሃ መከለስ ጉሮሮ ውስጥ አብጦ ሊዘጋ ይችላል። የጥቁር አዝሙድ ዘይቱ የደም ግፊትንና ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል፣ ሐኪሙ እስኪያይሽ ይቆይልሽ።

ሌላ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቅር አይበልሽ። መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ያለቀስሽው አንዴ ነው ወይስ ይደጋገማል? ከሁለት ሳምንት በላይ ምንም ነገር ደስ የማይልሽ ከሆነ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ብልጭ ካለብሽ፣ ያንን ለሐኪሙ በግልጽ ንገሪው። ነገሩ ታይሮይድ ሊሆን ይችላል፣ ረሃብ ሊሆን ይችላል፣ ራሱን የቻለ ድብርትም ሊሆን ይችላል። ሁሉም የሚታከሙ ናቸው። ያ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን የምርመራውን ውጤት እየጠበቅሽ ብቻሽን አትቆዪ፤ የዚያኑ ዕለት ለባለቤትሽ ንገሪውና ወደ ሕክምና ይውሰድሽ።

የጓደኛሽ ነገር ከባድ ነው። ይሉኝታ ያለው ሰው እንክብል ከማቆም ይልቅ እምቢ ማለት ይከብደዋል። እኔ ብሆን ክርክር ውስጥ አልገባም። «ልቤ እየመታ አስቸገረኝ፤ ሐኪም ሁሉንም አቁሚ ብሎኛል» እላታለሁ፤ ይኸው ነው። ሐኪሙን ጋሻ ማድረግ ምንም ነውር የለውም። ውሎ አድሮ ደግሞ፣ ብቻዋን ስታገኚያት፣ እሷም ትውጠው እንደሆነ ጠይቂያት። እኔ እንደምገምተው ትውጠዋለች። እንቅልፏ እንዴት ነው? እሷስ ልቧን ተለክታ ታውቃለች? ላንቺ ያሰበችልሽን ያህል አንቺም አስቢላት፤ ብልቃጡን ሐኪሙ ሲያየው የሚለውን ለእሷም ንገሪያት።

ልጅሽን ቁጭ አድርገሽ «ያን ቀን የጮህኩት በወተቱ አይደለም፤ አሞኝ ነበር፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በያት። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ትረዳለች። ባለቤትሽን ደግሞ ሐኪም ጋ ስትሄጂ አስከትዪው። ቀልዱ ቢጎረብጥሽም ልዩነቱን ያየ ሰው ነው፤ ጠባይሽ ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠ ሐኪሙ ሲጠይቅ፣ ካንቺ ይልቅ ጊዜውን የሚያስታውሰው እሱ ሊሆን ይችላል።